መካኒካል ምህንድስና ለማን ይስማማል? ከጀብራ ለመጡ ወላጆችና ልጆች

የዩኒቬርሲቲ መግቢያ ወራት በቀረበ ቍጥር በየቤቱ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ልጁ ምን ይማር?» የሚለው ነው። ጥያቄው በአዲስ አበባም፥ በጎንደርም፥ በባሕር ዳርም አንድ ዓይነት ይመስላል። በካርቱም ከተማ ጀብራ በሚባለው ሰፈር ያደጉት የኢትዮጵያውያን ልጆች ግን ጥያቄው ሁለት አገር፥ ሁለት የትምህርት ቋንቋና በላዩም አንድ ጦርነት ተጨምሮበታል። ስለዚህ በዛሬው የቤተሰብ ገጻችን እነርሱን አስበን፥ ብዙ ወጣቶች ስለሚመኙትና ጥቂቶች ብቻ አጥርተው ስለሚያውቁት ስለ መካኒካል ምህንድስና ልንጽፍ ወደድን።

ጀብራ ከካርቱም መካከል በስተ ደቡብ፥ ወደ ነጭ ዓባይ ባለው ወገን የሚገኝ የመኖሪያ ሰፈር ነው። እንደ ዴምና እንደ ሰሓፋ ሁሉ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ቤት ተከራይተው የኖሩበት ነው። ከእናቶች አንዳንዶቹ በዛፍ ጥላ ሥር ሻይና ቡና እያፈሉ፥ አንዳንዶቹም በሰው ቤት እየሠሩ፥ አባቶችም በሹፍርና፥ በግንበኝነትና በጋራዥ ሥራ ላብ እያፈሰሱ ልጆቻቸውን ያስተምሩ ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ጦርነት ሲነሣ፥ በአጠገቡ ባለው በሸጀራ የታንከኛው ጦር ሰፈር ስላለ ጀብራ ከባድ ውጊያ ከወረደባቸው ሰፈሮች አንዱ ሆነ። ከነዋሪው ብዙው ቤቱን ዘግቶ ወጣ። ከኢትዮጵያውያኑ ብዙዎቹ በገዳሪፍ በኩል ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዘው መተማ ገቡ፤ ሌሎቹ ወደ ፖርት ሱዳንና ወደ ግብፅ ሄዱ። የሱዳን ጦር ሠራዊት ካርቱምን መልሶ የያዘው በመጋቢት ወር 2017 ዓ.ም. ነው።

በዚህ መካከል የተማሪው ጊዜ አለፈ። በ2015 ዓ.ም. መሰጠት የነበረበት የሱዳን የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና የተሰጠው በታኅሣሥ ወር 2017 ዓ.ም. ነበር። እንግዲህ ከአሥራ ሰባት ዓመቱ እስከ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ድረስ ፈተና ሲጠብቅ ወይም ስደት ሲንከራተት የቈየ ልጅ፥ ሌላ አምስት ዓመት የሚወስድ ትምህርት ሳያስብ ጀምሮ በሦስተኛው ዓመት ቢተወው፥ ጕዳቱ ከእኩያው ይልቅ የከፋ ነው። ወላጆቹም ያጠራቀሙት ገንዘብ አብዛኛው በመንገድ አልቋል።

አስቀድመን ስለ ስሙ እንናገር። «መሐንዲስ» የሚለው ቃል ወደ አማርኛ የገባው ከዐረብኛ ነው፤ በጀብራ መንገድ የሚሰማው «ሙሀንዲስ»ና በአዲስ አበባ ጋዜጣ የሚጻፈው «መሐንዲስ» አንድ ቃል ናቸው። ሱዳኖች ምህንድስና የተማረን ሰው አክብረው ሲጠሩት «ባሽ ሙሀንዲስ» ይሉታል፤ «ባሽ» የቱርክ ቃል ሆኖ ራስ ወይም አለቃ ማለት ነው። በእኛም አገር «ኢንጂነር እገሌ» ብሎ መጥራት ከተለመደ ቈይቷል። ልጃቸውን ወደዚህ ሙያ ከሚገፉት ወላጆች አንዳንዶቹ የሚመኙት በስም ፊት የሚቀመጠውን ማዕርግ እንደ ሆነ እናስተውላለን። ምኞቱ አያስነውርም። ነገር ግን በሁለተኛው ዓመት የሙቀትና የእንቅስቃሴ ሒሳብ በሰሌዳው ላይ ሲደረደር ማዕርጉ ለልጁ አንዳች አይረዳውም።

በሌላ ወገን ደግሞ ከዚህ ተቃራኒ የሆነ ፍርሃት አለ። በጀብራ ጋራዥ ሃያ ዓመት የሠራ አባት አለ እንበል። ልጁ መጥቶ «አባባ፥ መካኒካል ልገባ አስቤያለሁ» ቢለው፥ አባትየው «ልጄ፥ እኔ እጄን በሞተር ዘይት ያጠቈርሁት አንተ እንዳታጠቍር ብዬ ነው» ሊለው ይችላል። ይህ አባት የሚናገረው መካኒክነትንና መካኒካል ምህንድስናን አንድ አድርጎ ነው። ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው፤ አንድ ግን አይደሉም። ልዩነታቸውንም በወሬ ከማስረዳት ይልቅ በካርቱም ቤት ሁሉ በሚታወቅ አንድ ዕቃ ልናሳይ እንሞክራለን።

በካርቱም በሚያዝያና በግንቦት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በብዙ ቤቶች መስኮት ላይ አንድ የቈርቈሮ ሣጥን ተሰቅሎ ይታያል። በጎንና ጎኑ ገለባ የመሰለ ጭረት ተጠቅጥቆበታል፤ ከታች የተጠራቀመውን ውሃ ትንሽ ፓምፕ እየሳበ በጭረቱ ላይ ያፈሰዋል፤ በውስጡ ያለው ማራገቢያም የውጭውን አየር በእርጥቡ ጭረት ውስጥ አሳልፎ ወደ ቤት ይነፋዋል። ውሃ ሲተን ሙቀት ይፈልጋል፤ ያን ሙቀት የሚወስደውም ከሚያልፈው አየር ላይ ነው። ስለዚህ የውጭው አየር 42 ዲግሪ ሆኖ በጣም ደረቅ ከሆነ፥ ወደ ክፍሉ የሚገባው 27 ዲግሪ ያህል ሊሆን ይችላል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ መጥቶ አየሩ እርጥበት ሲይዝ ግን ውሃው እንደ ልብ አይተንም፤ ማራገቢያው እየዞረ ሰውየው ያልበዋል።

ይህን ሣጥን ሦስት ሰዎች ይመለከቱታል። የቤቱ እመቤት ቤቱ እንዲቀዘቅዝላት ትፈልጋለች። መካኒኩ ሲጠራ ካቻቢቴውንና ፒንሳውን ይዞ ይመጣል፤ የፓምፑ ሽቦ ተቃጥሎ እንደ ሆነ፥ የማራገቢያው ኩሽኔታ ደርቆ እንደ ሆነ፥ ወይም ውሃው ጥሎት የሄደው ጨው ጭረቱን ደፍኖት እንደ ሆነ ያያል፤ ጠግኖትም ይሄዳል። ይህ ትልቅ ዕውቀት ነው፤ በመጽሐፍ ብቻ አይገኝም። መሐንዲሱ ግን ሌላ ነገር ይጠይቃል። ሣጥኑ በየሰከንዱ 1 ሜትር ኩብ አየር ይነፋል ቢባል፥ ያን አየር በ15 ዲግሪ ለማብረድ ስንት ሙቀት መወሰድ አለበት? አንድ ኪሎ ውሃ ሲተን ወደ 2,400 ኪሎ ጁል የሚደርስ ሙቀት ይወስዳል፤ አየሩ የሚለቀው ሙቀት ደግሞ በየሰከንዱ 16 ኪሎ ጁል ያህል ነው። ሁለቱን አካፍሎ በሰዓት ሲያባዛው ሣጥኑ በሰዓት 25 ሊትር ያህል ውሃ እንደሚጠጣ ያገኛል፤ ይህም አንድ ጀሪካን ከሩብ ነው። የቧንቧ ውሃ ተቋርጦ በአህያ ጋሪ የሚመጣውን ውሃ በገንዘብ ለሚገዛ ቤት ይህ ቍጥር ቀልድ አይደለም። ከዚያ በኋላ «ማራገቢያውን ባሳንሰውስ? ጭረቱን ባወፍረውስ? ሌሊት አየሩ ሲበርድ ፓምፑ ብቻውን ቢቆምስ?» እያለ ይቀጥላል።

እንግዲህ የመካኒካል ምህንድስና ትምህርት ከሞላ ጐደል ይኸው ነው፤ ሙቀት እንዴት እንደሚተላለፍ፥ ውሃና አየር በቧንቧ እንዴት እንደሚጓዙ፥ ብረት ምን ያህል ሸክም ችሎ እንደሚሰበር፥ ጥርስና ዘንግ፥ ቀበቶና ፒስቶን እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ ይመረመርበታል፤ ከዚያም ያንኑ ዕቃ በሥዕልና በልክ ነድፎ ማሠራት ይከተላል። በአማርኛ «መኪና» የሚለው ቃል ዛሬ ለተሽከርካሪው ብቻ የቀረ ይመስላል እንጂ፥ ከጣሊያንኛ ሲመጣ ማናቸውንም የሚንቀሳቀስ መሣሪያ ያመለክት ነበር፤ የልብስ ስፌት መኪና የምንለውም ስለዚህ ነው። መካኒካል ምህንድስናም በዚህ በሰፊው ትርጕም የመኪና ትምህርት ነው። ጋራዥ ከሰፊው ግቢው አንዲት ክፍል ብቻ ናት።

ለእናቶችም የሚቀርብ ምሳሌ አለን፤ እርሱም የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ይህ ምጣድ ሲሠራ 3,500 ዋት ያህል ይስባል፤ እያንዳንዱ 10 ዋት የሚስብ 350 አምፖል በአንድነት እንደ ማብራት መሆኑ ነው። ሽቦው በሸክላው ጀርባ በተቀረጸ ቦይ ውስጥ ይዞራል። ሸክላ ሙቀትን ቀስ ብሎ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ የመጀመሪያይቱ እንጀራ እስክትጋገር ድረስ ብዙ ኤሌክትሪክ ይባክናል፤ ከበታቹም በደንብ ካልተሸፈነ ሙቀቱ ወደ መሬት ይሄዳል። ሸክላው ቢሳሳ ቶሎ ይግላል፤ ግን ይሰነጠቃል፤ ሙቀቱም እኩል ስለማይደርስ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ውፍረቱ ስንት ይሁን? ሽቦው ስንት ጊዜ ይዙር? ይህን ለማወቅ ሒሳብም ጭቃም መንካት ያስፈልጋል። ልጅዋ በምጣድ አጠገብ ቆሞ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቃት እናት፥ ስለ ልጁ ዝንባሌ ከማንኛውም አማካሪ ይልቅ ብዙ ታውቃለች።

በአገራችን የእጅ ጥበብ የተናቀበት ዘመን ረጅም ነበር። ብረት የሚቀጠቅጠውን ሰው ቡዳ ብሎ መሸሽ፥ ሸማኔውንና ፋቂውን መስደብ የተለመደ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የአውሮፓ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ እስከ ማስቀለጥ ደርሰዋል፤ ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍም ከ1860 ዓ.ም. የመቅደላ ጦርነት በፊት በብዙ ሰው ጕልበት ወደ መቅደላ ተጎትቷል። ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ ሁሉ እንዲቀጣ አዘዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ነገር ግን «ልጄ ዩኒቬርሲቲ ገብቶ ቶርኖ ቤት ይቆማል?» የሚል ወላጅ እስከ ዛሬ አልጠፋም። በዚህ ነገር እኛ ከምኒልክ አዋጅ ጋር ነን።

ባቡሩም ለዚህ ምስክር ነው። ከ1871 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ የኖረው የስዊስ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1886 ዓ.ም. የባቡር ሐዲድ ውል ከዳግማዊ ምኒልክ ተቀበለ፤ ሐዲዱም በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። የድሬዳዋ የምድር ባቡር ጋራዥ ለብዙ ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው የመካኒክ ትምህርት ቤት ሆኖ ነበር። በሱዳንም እንዲሁ ከግብፅ ወሰን ከዋዲ ሐልፋ የተነሣው ሐዲድ በታኅሣሥ 1892 ዓ.ም. ከካርቱም ፊት ለፊት ካለው ከዓባይ ማዶ ደርሷል፤ የባቡሩ መጠገኛ የሆነችውን አትባራን ሱዳኖች «የብረትና የእሳት ከተማ» ይሏታል። የእንፋሎቱ ዘመን ቢያልፍም የባቡር ሥራ አላለፈም፤ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ባቡር የተመረቀው በመስከረም 2009 ዓ.ም. ነው።

ትምህርቱስ የት ይገኛል? በካርቱም በ1895 ዓ.ም. የተከፈተው የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ በ1948 ዓ.ም. የካርቱም ዩኒቬርሲቲ ሆነ፤ የምህንድስና ክፍሉም በሱዳን የታወቀ ነው። የጀብራ ልጅ ከቤቱ ሳይርቅ እዚያ ለመማር ይመኝ ነበር፤ ነገር ግን የውጭ ዜጋ የሚከፍለው ገንዘብ ከአገሬው ልጅ ስለሚበልጥ ብዙው ደጁን አይቶ ተመልሷል። ከስደተኞቹ ጥቂቶች በ1992 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የጀርመን መንግሥት ከተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት ጋር ባቋቋመው ዳፊ በተባለው የትምህርት ዕድል ተረድተው ተምረዋል። ጦርነቱ ከተነሣ በኋላ በካርቱም ያሉት ዩኒቬርሲቲዎች በራቸውን ዘጉ፤ ብዙ ቤተ ሙከራና ቤተ መጻሕፍትም ተዘረፈ። ሌላውን ትምህርት በርቀት ማስተማር ይቻል ይሆናል፤ ቶርኖና የሙከራ ሞተር ግን በስልክ አይላክም።

በኢትዮጵያ የምህንድስና ኮሌጅ በአዲስ አበባ የተከፈተው በ1945 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቬርሲቲ ሥር በአምስት ኪሎ ይገኛል። በመተማ በኩል ለገባ ልጅ የሚቀርበው ግን ባሕር ዳር ነው። የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ በ1955 ዓ.ም. ተከፍቶ፥ ኋላ የባሕር ዳር ዩኒቬርሲቲ አካል ሆኗል፤ ከመነሻውም የእጅ ሥራ የተከበረበት ትምህርት ቤት ነበር። አዳማና አዲስ አበባ ያሉት የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቬርሲቲዎች ደግሞ የራሳቸውን የመግቢያ ፈተና ሲሰጡ ቈይተዋል። በመንግሥት ዩኒቬርሲቲ የሚማር ልጅ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በተሠራበት የወጪ መጋራት ደንብ መሠረት ውል ፈርሞ ይማራል፤ ድርሻውንም ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ይከፍላል። ከጀብራ ባዶ እጁን ለመጣ ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በሩ ግን ጠባብ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሥርዓቱ ከተለወጠ በኋላ በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆኑ። ዩኒቬርሲቲ የገባውም ልጅ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሲጨርስ የመውጫ ፈተና ይጠብቀዋል፤ በመጀመሪያው ዙር ከሁሉም የትምህርት ዓይነት ከተፈተኑት ያለፉት 40 በመቶ ያህል ነበሩ።

ለጀብራ ልጅ ከዚህ ሁሉ በላይ የሚከብደው ቋንቋው ነው ብለን እናምናለን። በሱዳን ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ ፊዚክስንና ሒሳብን ያወቀው በዐረብኛ ነው። ዐረብኛ በሚነገርባቸው በብዙ አገሮች ትምህርት ቤቶች እኩልታው ሳይቀር ከቀኝ ወደ ግራ በዐረብኛ ፊደል ይጻፋል። ይህ ልጅ ባሕር ዳር ሲገባ መጽሐፉም አስተማሪውም እንግሊዝኛ ናቸው፤ ከጓደኞቹ ጋር የሚነጋገረው ደግሞ በአማርኛ ነው። ፍጥነትንና ፍጥንጥነትን ለይቶ የሚያውቅ ብልህ ልጅ፥ ቃሉ ስለ ጠፋው ብቻ በፈተና ወረቀት ፊት ዲዳ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ልጅ ከመመዝገቡ በፊት ባሉት ወራት አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፊዚክስ መጽሐፍ ይዞ፥ የሚያውቀውን ምዕራፍ እንደ ገና በእንግሊዝኛ ቢያነብ፥ ቃሉንም በሦስት ዓምድ፥ ማለት በዐረብኛ፥ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ቢጽፍ ይጠቀማል። ትምህርቱን ያውቀዋልና ድካሙ የቃል ብቻ ነው። በሌላው ወገን ደግሞ የዐረብኛ ዕውቀቱ ሸክም አይደለም። የካርቱምና የባሕሪ ፋብሪካዎች በጦርነቱ ተዘርፈዋል፥ ተቃጥለዋል፤ እንደ ገና ሲተከሉ ሥራውን በዐረብኛ የሚያስረዳ መሐንዲስ ይፈለጋል።

ስለ እንጀራው ነገር ደግሞ ሐቁን እንናገር። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት ከዩኒቬርሲቲ ተማሪዎች 70 በመቶው የተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲማር ወስኖ ነበር። ብዙ መሐንዲስ ተመረቀ፤ ፋብሪካው ግን በዚያው ልክ አልበዛም፤ ቤተ ሙከራውም እንዲሁ። አምስት ዓመት ተምሮ ቶርኖ ላይ ሳይቆም፥ ብየዳ ሳይሞክር የተመረቀ ልጅ መኖሩን ሁሉም ያውቃል። ዲግሪ ይዞ ቤት የተቀመጠውን የጎረቤት ልጅ ያየ ወላጅ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። በእኛ አስተያየት ግን ጥፋቱ በሙያው ላይ አይደለም፤ እጅን ከመጽሐፍ በመለየቱ ላይ ነው። ጋራዥ ያደገው የጀብራ ልጅ በዚህ በኩል ከብዙ እኩዮቹ ይቀድማል፤ አባትየው ያፈረበት የሞተር ዘይት ለልጁ ትርፍ ነው።

ሥራው ያለባቸውን ቦታዎች ስናይ ጥቂት አይደሉም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 13 ተርባይን አለው፤ በሙሉ ኃይሉ 5,150 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ውሃው ተርባይኑን ሲያዞር መንቀጥቀጡን፥ የዘንጉን መድከምና የኩሽኔታውን ሙቀት ሌት ተቀን የሚከታተለው መካኒካል መሐንዲስ ነው። የስኳር ፋብሪካም እንዲሁ ነው። በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ወንጂም፥ በ1973 ዓ.ም. በነጭ ዓባይ አጠገብ የተመረቀው የሱዳኑ ከናናም አገዳውን በብረት ተንከባላይ ይጨምቃሉ፤ የተረፈውን ገለባ አቃጥለው እንፋሎት ያፈላሉ፤ በእንፋሎቱም ወፍጮውን ያንቀሳቅሳሉ፥ ኤሌክትሪክም ያወጣሉ። የሲሚንቶ ፋብሪካ፥ የመጠጥ ፋብሪካ፥ የአውሮፕላን ጥገና፥ የመስኖ ፓምፕ ሁሉ ይህንኑ ሰው ይፈልጋሉ።

አንድ አዲስ ነገርም አለ። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክላለች። የኤሌክትሪክ መኪና ባልቦላና ፒስቶን የለውም፤ ዘይት መቀየርም አያሻውም። «እንግዲያውስ መካኒካል ቀረ» የሚሉ አሉ። ፍሬኑ፥ መሪው፥ የጎማው ተሸካሚ፥ የባትሪው ማቀዝቀዣ ግን የሚነደፉት በመካኒካል ሒሳብ ነው፤ ባትሪ ሲሞቅ ሙቀቱን ወዴት እንደሚወስዱት ማወቅ የዚያ የጀብራ የቈርቈሮ ሣጥን ታላቅ ወንድም ነው። የሚቸገረው ሞተር መፍታትና መግጠም ብቻ የሚያውቀው ነው።

ልጁ ራሱን የሚፈትንበት ርካሽ መንገድ አለ። አንድ ወር ከሰዓት በፊት በጋራዥ ወይም በብየዳ ቤት ያለ ደመወዝ ይሥራ፤ ከሰዓት በኋላ የካልኩለስ መልመጃ ይሥራ። አንድ የቡና ስኒ ወስዶ ከፊት፥ ከላይና ከጎን ልኩን ጠብቆ ይሳል። ወሩ ሲያልቅ ጋራዡን ወድዶ ካልኩለሱን የጠላ ልጅ አለ፤ እርሱን ዩኒቬርሲቲ ማስገደድ ግፍ ነው። ለእንዲህ ያለው ልጅ የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት የተሻለ ነው፤ በአዲስ አበባ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የሚያስተምረው ተግባረ ዕድ ያፈራቸው ባለሙያዎች ከብዙ ባለ ዲግሪ ይልቅ ተፈላጊ ሆነው ኖረዋል። ካልኩለሱን ወድዶ ዘይቱን የተጸየፈም አለ፤ እርሱ ሒሳብ ወይም ኮምፒዩተር ቢማር ይሻለዋል። ሁለቱንም ይዞ «ይህስ ለምን ሆነ?» እያለ እናቱን የሚያሰለች ልጅ ካለ፥ ወላጆቹ አይከልክሉት።

ልጁ ስንል ልጂቱንም ማለታችን ነው። በካርቱም የምህንድስና ትምህርት ክፍሎች ሴቶች ልጆችን ማየት እንግዳ ነገር አልነበረም። የጀብራ እናቶች ይህን በዓይናቸው አይተዋልና፥ አገር ቤት ሲመለሱ «መካኒካል የወንድ ነው» የሚል ዘመድ ቢገጥማቸው የሚመልሱለት አያጡም። ምጣዱንም ቢሆን ከሴት ልጅ ይልቅ የሚያውቀው ማን ነው?

አሁን ወደ ወረቀቱ ነገር እንምጣ። በሱዳን የተሰጠ የሁለተኛ ደረጃ ምስክር ወረቀት በኢትዮጵያ ዩኒቬርሲቲ እንዲያገለግል አስቀድሞ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አቻነቱ መረጋገጥ አለበት። ይህ ጊዜ ስለሚወስድ ወላጆች የመመዝገቢያው ሳምንት እስኪደርስ መጠበቅ አይገባቸውም። ምስክር ወረቀቱ በጀብራ ቤት የቀረበት ልጅ ግልባጭ እንዲያገኝ ለሱዳን ኤምባሲ ማመልከት የመጀመሪያው ሥራ ነው፤ የክፍል ሪፖርት፥ የትምህርት ቤት መታወቂያ፥ የተማሪ ቍጥር የተጻፈበት ማናቸውም ብጫቂ ወረቀት ቢገኝ ይያዝ፤ ያልተጣለ ወረቀት ብዙ ጊዜ ያድናል። ስምም በሁለቱ ቋንቋ አንድ ዓይነት መጻፉን መመልከት ያስፈልጋል፤ በዐረብኛ የተጻፈ የሐበሻ ስም ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ሌላ ሰው የሚመስልበት ጊዜ አለ።

ደግሞም ወላጆች ውሳኔው በአንድ ቀን የሚያልቅ መስሏቸው እንዳይጨነቁ አንድ ነገር እንጨምር። በመንግሥት ዩኒቬርሲቲዎች አዲስ ገቢ ተማሪ መጀመሪያ የጋራ ትምህርት ይማራል፤ ከዚያ ወደ ምህንድስና ዘርፍ ያልፋል፤ ሲቪል፥ ኤሌክትሪካል ወይም መካኒካል ብሎ የሚመርጠውም ሒሳቡንና ፊዚክሱን በዩኒቬርሲቲ ደረጃ ከቀመሰ በኋላ ነው። ምደባው በውጤት ስለ ሆነ የመጀመሪያው ዓመት ነጥብ ከምኞት ይልቅ ይወስናል፤ በምርጫው ቅጽ ላይም ከአንድ የሚበልጥ ክፍል በቅደም ተከተል እንዲሞላ ይጠየቃል። ስለዚህ የጀብራው ልጅ በዚህ ዓመት ሊወስን የሚገባው ወደ ሳይንሱ ወገን ለመግባትና የእንግሊዝኛውን ፊዚክስ ለመጀመር ብቻ ነው፤ የመካኒካሉን ቅጽ ለመሙላት ገና አንድ ዓመት ያህል አለው።